«ፎርማት ይደረግ» ሲሉዎት

ያለፈው ሳምንት ጽሑፌ ስለ ደም ግፊት መለኪያ ነበር። ዛሬ ግን ከመድኃኒትና ከመርፌ ወጣ ብዬ ስለ ኮምፒውተር ልጽፍ ነው። «ሲስተር፣ ደግሞ ኮምፒውተር መቼ ተማርሽ?» የሚል አይጠፋም። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ነገር ግን ዕድሜዬን ሙሉ የሰው መዝገብ ስይዝ የኖርኩ ነርስ ነኝ፤ መዝገብ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። የዛሬው ቤተሰብ መዝገብ ደግሞ እንደ ድሮው በሳጥንና በአልበም ሳይሆን በላፕቶፕና በስልክ ውስጥ ነው ያለው።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ በሰፈራችን የደረሰ ነገር ነው። አንዲት ጎረቤቴ ዕድሜያቸው ሰባን የተሻገረ እናት ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆነ። ሟች ጡረተኛ መምህር ነበሩ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የልጅ ልጃቸው በስልኳ ድምፃቸውን እየቀዳች፣ እርሳቸው የትውልዱን ነገር ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት እየቆጠሩ፣ ማን ከየት እንደመጣ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ የትኛው ወንድም ምን ጊዜ ከአገሩ እንደወጣ ይተርኩላት ነበር። አሥራ አንድ ቅጂ ነበር። ስልኳ ሲሞላባት ወደ አያቷ ላፕቶፕ አዛወረችውና ከስልኳ ላይ አጠፋችው። አዛወረች እንጂ አላባዛችም፤ ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ።

ዘንድሮ ላፕቶፑ አልነሣ አለ። የሰፈር ልጅ ይዞት ጥገና ቤት ሄደ። ጠጋኙ ደወለና «እማማ፣ ፎርማት ይፈልጋል» አላቸው። እርሳቸውም «እሺ ልጄ፣ የሚያስፈልገውን አድርግለት» አሉ። ፎርማት ማለት እንደ መኪና ሰርቪስ፣ ዘይት እንደመለወጥ ያለ ነገር መስሏቸው ነው። ላፕቶፑ በማግስቱ መጣ፤ ፈጣን፣ ንጹሕ፣ እንደ አዲስ። ውስጡ ግን ባዶ ነበር። ጠጋኙ ክፉ ሰው አይደለም፤ የታዘዘውን ሠርቷል። ውስጡ ምን እንዳለ የጠየቀም የነገረም አልነበረም።

ነገሩ ከኀዘን አልፎ ቁም ነገር ሆኖ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ለአንድ የልጅ ልጃቸው ጋብቻ ታስቦ፣ ሽማግሌዎች «እስቲ ሰባት ቤት ይቆጠር» አሉ። የአባትን ወገን የሚቆጥር ዘመድ ተገኘ። የእናትን ወገን ከአራተኛው ቤት በላይ የሚያውቅ ግን ሟቹ መምህር ብቻ ነበሩ፤ እርሱም በድምፃቸው ውስጥ ነበር።

ስለዚህ በመጀመሪያ ይህን «ፎርማት» የሚሉትን ነገር እንወቀው። ኮምፒውተር ውስጥ ሁሉ ነገር የሚቀመጥበት ዕቃ ሃርድ ዲስክ ይባላል። ፎርማት ማድረግ ማለት ያንን ዲስክ እንደ አዲስ ደብተር አድርጎ ማዘጋጀት ነው። በቀደመው ገጽ የተጻፈው ወዲያው አይፋቅም፤ የሚጠፋው ማውጫው ነው፣ የቱ ነገር በየትኛው ገጽ እንዳለ የሚናገረው። ጠጋኙ ቀጥሎ ዊንዶውስ ሲጭንበት፣ ከዚያም ሌላ ሌላውን ፕሮግራም ሲጨምርበት፣ አዲሱ ጽሕፈት በአሮጌው ላይ ይጻፋል። በላዩ የተጻፈበት አይመለስም። ያልተጻፈበት ግን በልዩ ፕሮግራም ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል። ይህ ለተለመደው፣ ውስጡ ለሚሽከረከረው ዲስክ ነው። በአዳዲሶቹ ላፕቶፖች ያለው ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ግን የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ቶሎ ስለሚያጸዳው ተስፋው በጣም ያነሰ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በአገራችን ጥገና ቤቶች ዲስኩን ለሁለት ከፍለው ሲ እና ዲ ማድረግ የተለመደ ነው። ዊንዶውስ የሚጫነው ሲ ላይ ነው፤ ፎርማት የሚደረገውም ብዙውን ጊዜ ሲ ብቻ ነው። ዲ ላይ ያለው ይተርፋል። ጎረቤቴ ፎቶዎቻቸውን ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው፤ አንድ አስተዋይ ልጅ ዲ ውስጥ አስቀምጦላቸው ነበር። ድምፁ ግን ዴስክቶፕ ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ፊት ለፊት የምናየው ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ የሚለው፣ ከኢንተርኔት የወረደው ሁሉ የሚገባበት ዳውንሎድስ፣ እነዚህ ሁሉ ያሉት ሲ ውስጥ ነው። ብዙዎቻችን ዴስክቶፕን የምንወደው ዓይናችን ሥር ስለሆነ ነው። ዲ ውስጥ ማስቀመጥ ግን ከፎርማት ያድናል እንጂ ከሌላው አያድንም። ሲ እና ዲ በአንድ ጣራ ሥር ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ዲስኩ ከተሰበረ ወይም ላፕቶፑ ከተሰረቀ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ድምፁን ለማግኘት ተሞክሯል። አንድ ጠንቃቃ ባለሙያ ዲስኩን አውጥቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ሲፈልግ ዋለ። ከአሥራ አንዱ አራቱ ተከፈቱ። ከአራቱ አንዱ መሐል ላይ ይቆማል። የእናት ወገን የተቆጠረበት ከተገኙት ውስጥ አልነበረም።

እንግዲህ ኮምፒውተርዎ ጥገና ቤት ሲሄድ የሚከተለውን ይበሉ፤ ወይም ለሚወስደው ልጅ በወረቀት ጽፈው ይስጡት። «ውስጡ የምፈልገው ፎቶና ጽሑፍ አለ። ከመነካቱ በፊት ሁሉም ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥልኝ። ከተገለበጠ በኋላ ከፍቼ ሳላይ ፎርማት እንዳይደረግ።» ኮምፒውተሩ አልነሣም ማለት ውስጡ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የታመመው ዊንዶውሱ ነው፤ ፋይሉ ጤነኛ ነው። ዲስኩ ወጥቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ እንደ ትልቅ ፍላሽ ይነበባል። ለዚህ ሥራ ጠጋኙ ጊዜውን ይሰጣልና የሚጠይቀውን ተጨማሪ ክፍያ ሳያጉረመርሙ ይክፈሉት። ይህ ምክር በተለይ አሁን ያስፈልጋል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ወደ አዲሱ ለመቀየር ብዙ ሰው ላፕቶፑን ወደ ጥገና ቤት እየወሰደ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ልጆቻችን ባክአፕ ወደሚሉት። ባክአፕ መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ያቺ የልጅ ልጅ አዛወረች እንጂ አላባዛችም ያልኩት ለዚህ ነው። ከስልክ ወደ ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፕ ወደ ፍላሽ እያዘዋወሩ ከነበረበት የሚያጠፉ ብዙዎች «ባክአፕ አለኝ» ይላሉ። የላቸውም። ያላቸው አንድ ቅጂ ነው፤ ቦታ ቀይሯል እንጂ።

ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ በሰፊው ያስተዋወቀው ደንብ አለ፤ 3፣ 2፣ 1 ይባላል። ፎቶ አንሺ ምስል ሲጠፋበት እንጀራው ነው የሚጠፋበት፤ ስለዚህ ደንቡ ከችግር የወጣ ነው። ለማጥፋት የማንፈልገው ነገር ሁሉ ሦስት ቅጂ ይኑረው። ሦስቱ በአንድ ዓይነት ዕቃ ላይ አይሁኑ፤ ቢያንስ ሁለት ዓይነት ይሁኑ። አንዱ ቅጂ ደግሞ ከቤት ውጭ ይሁን። ሦስተኛው ነጥብ ነው ሰው የሚዘነጋው። ላፕቶፑና ፍላሹ በአንድ ቦርሳ ከሆኑ፣ ቦርሳው ሲሰረቅ ሁለቱም ይሰረቃሉ። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ተጨማሪ ዲስክ ደግሞ ቤት ሲቃጠል አብሮ ይቃጠላል።

በእኛ ቤት ሲተረጎም እንዲህ ነው። አንደኛው ቅጂ ላፕቶፑ ላይ ያለው ነው። ሁለተኛው ኤክስተርናል የሚባለው፣ በገመድ የሚሰካው ተጨማሪ ዲስክ ነው። ሦስተኛው ወይ በኢንተርኔት ላይ፣ ወይ በሌላ ከተማ ካለ ልጅ ወይም ወንድም ዘንድ። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ውጭ አገር የሚሄድ ዘመድ ሲገኝ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር አንዲት ፍላሽም አሲዛለሁ። በርበሬው ሻንጣ ውስጥ፣ ፍላሹ ግን በእጅ ቦርሳ ውስጥ። የቤተሰብ ፎቶና የድሮ ቪዲዮ ነው የምልከው። የቤት ካርታ፣ የመታወቂያና የባንክ ወረቀት ቅጂ ያለ ይለፍ ቃል በፍላሽ ባይላክ ይሻላል፤ ፍላሽ ትንሽ ስለሆነ ይወድቃል፣ የወደቀውን ደግሞ ማንም ያነሣዋል።

ስለ ፍላሽ ካነሣሁ አይቀር፣ ገበያ ላይ «2 ቴራ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት በጣም በርካሽ የሚሸጥ ፍላሽ ካዩ ይለፉት። ከነዚህ ብዙዎቹ ውስጣቸው ትንሽ ሆኖ ትልቅ መስለው ለኮምፒውተሩ እንዲናገሩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ሲገለብጡ ሁሉም የገባ ይመስላል፤ የፋይሉም ስም ይታያል። ሲከፍቱት ግን አይከፈትም። የውሸት ፍላሽ የጫነውን ሁሉ የያዘ መስሎ እንደሚያታልል ሚዛን ነው። አንድ የስልክ ፎቶ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ቢይዝ፣ እውነተኛ የ64 ጊጋ ፍላሽ ከአሥር ሺህ በላይ ፎቶ ይይዛል። ለብዙ ቤተሰብ ይበቃል። ቢሆንም ፍላሽ ለመሸጋገሪያ እንጂ ለዘላለም ማኖሪያ አልተሠራም፤ ሳይታሰብ ይሞታል፣ ምልክትም አይሰጥም።

ኤክስተርናል ዲስክ የተሻለ ነው። የሚሽከረከረው ዓይነት ግን ልጅ እንደመያዝ ነው። ውስጡ እንደ ሸክላ ያለ ሳህን በኃይል እየዞረ፣ ማንበቢያው ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት በላዩ ያልፋል። እየሠራ ሳለ ከጠረጴዛ ከወደቀ ማንበቢያው ሳህኑን ይቧጭራል። «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ያልነበረ ድምፅ ከሰሙ ወዲያው ያጥፉት። እያጠፉ እያበሩ መሞከር፣ መታ መታ ማድረግ፣ ይህ ሁሉ ቁስሉን ማስፋት ነው። የመብራት መቆራረጥም ጠላቱ ነው፤ እየተገለበጠ ሳለ መብራት ቢጠፋ የሚጻፈው ፋይል መሐል ላይ ይቀራል፣ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ኃይሉ ይበዛል። ስለዚህ ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቶ ሳለ ነው መገልበጥ። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላላችሁ ዩፒኤስ ቢኖር መልካም ነው። ሲጨርሱም ገመዱን ከመንቀል በፊት «ኢጀክት» የሚለውን ይጫኑ።

በእጅ መገልበጥ ለሚረሳ ሰው፣ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋይል ሂስትሪ የሚባል ነገር አብሮ ይመጣል። ኤክስተርናሉን ሰክተው አንድ ጊዜ ካበሩት፣ ዲስኩ ተሰክቶ ባለበት ጊዜ ሁሉ ዴስክቶፑን፣ ዶክመንትሱንና ፎቶውን በየሰዓቱ እያየ የተለወጠውን ይገለብጣል። የቀደመውንም መልክ ያስቀምጣል፤ ልጅ ገብቶ ጽሑፍዎን ቢያበላሸው የትናንቱን ማውጣት ይቻላል። አፕል ኮምፒውተር ያላችሁ ታይም ማሽን የሚባለው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራላችኋል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የልጅ ልጃችሁን አስቀምጣችሁ አስደርጉት።

የኢንተርኔቱስ? ጉግል ለአንድ ሰው 15 ጊጋ በነፃ ይሰጣል፤ እርሱም ለኢሜይሉ፣ ለፎቶውና ለፋይሉ በጋራ ነው። ማይክሮሶፍት 5 ጊጋ ይሰጣል። 15 ጊጋ ሦስት ሺህ ያህል ፎቶ ነው፤ ቪዲዮ ከተጨመረ ቶሎ ይሞላል። ድሮ ጉግል ፎቶን ያለ ገደብ ያስቀምጥ ነበር፤ ከሰኔ 2021 እንደ ፈረንጆቹ ወዲህ ግን ቀርቷል። ስለዚህ በነፃው ቦታ ምርጥ ምርጡን ማስቀመጥ ነው። አንድ ወጥመድ አለበት፤ ብዙዎቹ እነዚህ አገልግሎቶች ስልክንና ኢንተርኔቱን አንድ ዓይነት እንዲሆኑ የሚያመሳስሉ ናቸው። ስልክ ላይ «ቦታ ላስለቅቅ» ብለው ፎቶ ሲሰርዙ ከዚያም ይሰረዛል። ጉግል ፎቶ ውስጥ ከሆነ የተሰረዘው በቅርጫቱ 60 ቀን፣ ድራይቭ ውስጥ 30 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ የለም። በተጨማሪ ኢንተርኔት ሁልጊዜ እንደማይኖር እናውቃለን። እኔ የኢንተርኔቱን ሦስተኛ አድርጌ እንጂ አንደኛ አድርጌ አልቆጥረውም።

ቴሌግራም ላይ ለራስዎ መላክም ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው፣ ምንም ከሌለው እጅግ ይሻላል። ነገር ግን ፎቶ እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፤ በስልክ ሲታይ አይታወቅም፣ አሳትመው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ሲሉ ግን ይደበዝዛል። «እንደ ፋይል» ብለው ከላኩት እንዳለ ይቀመጣል።

ይህ ሁሉ ለትልልቅ ድርጅቶች እንጂ ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚል ካለ፣ አንድ ታሪክ ልንገረው። የልጅ ልጆቻችን የሚያዩት «ቶይ ስቶሪ» የሚባለው የአሻንጉሊቶች ፊልም አለ። በ1998 እንደ ፈረንጆቹ ፒክሳር ሁለተኛውን ክፍል ሲሠራ፣ አንድ ሰው በስህተት የማጥፊያ ትእዛዝ ሰጠና የፊልሙ አብዛኛው ክፍል ከኮምፒውተሮቹ እየተሰረዘ ሄደ። ሠራተኞቹ እያዩት የገጸ ባሕርያቱ ክፍሎች ይጠፉ ነበር። «ባክአፕ አለን» ብለው ሲሄዱ ባክአፑ ለካ በትክክል አልሠራም ነበር። ፊልሙን ያዳነችው ጋሊን ሱስማን የተባለች የቴክኒክ ኃላፊ ነች። በቅርቡ ወልዳ ስለነበር ከቤቷ እንድትሠራ የፊልሙ ቅጂ ቤቷ ባለ ኮምፒውተር ላይ ነበራት። ያንን ኮምፒውተር በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በመኪናው ወንበር ላይ ቀበቶ አስረውለት፣ ቀስ እያሉ እየነዱ አመጡት። አራስ ልጅ እንደሚመጣ ማለት ነው። (በኋላ ታሪኩ አልጣመንም ብለው አብዛኛውን እንደገና ሠርተውታል፤ እርሱ ሌላ ጉዳይ ነው።) እኔ ግን እዚህ ላይ ሁለት ነገር አያለሁ፤ ከቤት ውጭ ያለው አንድ ቅጂ ምን እንደሚያደርግና፣ ያልተሞከረ ባክአፕ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው።

ይህን ሁለተኛውን ነርስ ትረዳዋለች። ተረኛ ስንረካከብ የድንገተኛ ዕቃዎችን ቆጥረን ነው የምንረከበው። ኦክስጅን ሲሊንደሩ ጥግ ቆሟል ብሎ ማለፍ የለም፤ ይከፈታል፣ ጌጁ ይታያል፣ ድምፁ ይሰማል። የሚጥል በሽታ የያዘው ልጅ መጥቶ ሳለ ሲሊንደሩ ባዶ መሆኑን ማወቅ ምን ያደርጋል? ባክአፕም እንደዚያው ነው። በወር አንድ ቀን፣ ለምሳሌ የእድር መዋጮ በምትከፍሉበት ሰሞን፣ አዲሱን ፎቶና ጽሑፍ ገልብጡ። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ ኤክስተርናሉን ወስዳችሁ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ክፈቱት። አንድ የድሮ ፎቶ፣ አንድ የዚህ ዓመት ቪዲዮ፣ አንድ ጽሑፍ። ስሙ መታየቱ አይበቃም፤ ቪዲዮው እስከ መጨረሻው ይጫወት። ፈረንጆች ለዚህ ሥራ ማስታወሻ የሚሆን ቀን አላቸው፤ ማርች 31፣ በእኛ መጋቢት 22።

ኤክስተርናሉ ሥራው ካለቀ በኋላ ተነቅሎ ይቀመጥ ያልኩበት ምክንያትም አለኝ። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የሚባል ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። ፋይሎችን ሁሉ በማይፈታ ቁልፍ ይቆልፍና በስክሪኑ ላይ «300 ዶላር በቢትኮይን ካልከፈላችሁ አልከፍትም» ይል ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ሆስፒታሎች በጣም ተጎዱ። ቀዶ ሕክምናና ቀጠሮ ተሰረዘ፣ የድንገተኛ በሽተኛ ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላከ፤ የተሰረዘው ቀጠሮ ከ19,000 በላይ እንደሚሆን በኋላ ተገምቷል። ነርሶችና ሐኪሞች ወደ ወረቀትና እስክሪብቶ ተመለሱ። እንዲህ ያለ ቫይረስ ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካውን ዲስክም ይቆልፋል። ያልተሰካውን ግን አያገኘውም። ስለዚህ ፋይል ሂስትሪ የምትጠቀሙ እንኳ ዲስኩን ቀን ሰክታችሁ ማታ ንቀሉት።

ወደ እኛው አገር ቫይረስ እንመለስ። ፍላሻችሁን ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክታችሁ ስትመለሱ ፋይሎቹ ሁሉ ወደ «ሾርትከት» ተለውጠው ካገኛችሁ፣ ወይም ፍላሹ ባዶ መስሎ ግን «ሞልቷል» የሚል ከሆነ፣ አትደንግጡ። ይህ ቫይረስ ብዙውን ጊዜ ፋይሉን አያጠፋውም፣ ይደብቀዋል። ሾርትከቱን አትጫኑት። ለሚያውቅ ሰው «የተደበቀውን አውጣልኝ» በሉት፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው። «ፎርማት እናድርገው» ካላችሁ ግን ፍላሹን ተቀብላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።

በስህተት የተሰረዘ ፋይልስ? ከኮምፒውተሩ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ሪሳይክል ቢን የሚባለውን ቅርጫት ተመልከቱ፤ ብዙ ለቅሶ እዚያ ያበቃል። ከፍላሽ ወይም ከካሜራ ካርድ የተሰረዘ ግን በአብዛኛው ወደ ቅርጫቱ አይገባም። ያን ጊዜ ዋናው ነገር እጅን መሰብሰብ ነው። በካርዱ ሌላ ፎቶ አታንሡ፣ በፍላሹ ሌላ ነገር አትጫኑ። ሬኩቫና ፎቶሬክ የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ የሚጫኑትም የሚያወጡትንም የሚያስቀምጡት ፋይሉ በጠፋበት ዲስክ ላይ ሳይሆን በሌላ ላይ መሆን አለበት። ይህን ካልጠበቀ ፈላጊው ራሱ በሚፈልገው ላይ ይጽፍበታል።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ወረቀትን አትናቁ። በሠራሁበት አንድ ጤና ጣቢያ የወርሃዊ ሪፖርቱ ኮምፒውተር ሞቶ የክትባቱን ቁጥር ሁሉ መልሰን ያስገባነው ከወረቀት መዝገቡ ነው፤ ሁለት ቀን ፈጀብን እንጂ አንድም ልጅ አልጠፋም። እናንተም የኢሜይላችሁንና የኮምፒውተራችሁን ይለፍ ቃል በወረቀት ጽፋችሁ፣ የቤት ካርታና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ባለበት ፖስታ ውስጥ አኑሩ። ለአንድ ለምታምኑት ልጅ ቦታውን ንገሩት። ሰው ሲያርፍ ይለፍ ቃሉን ይዞ ስለሚሄድ፣ ፋይሉ እያለ በር ተዘግቶባቸው የቀሩ ቤተሰቦች አሉ። ትውልድ የሚቆጥር አዛውንት በቤታችሁ ካለ ደግሞ ድምፁን ቅዱ፣ ስሞቹን በደብተርም ጻፉ።

የሠርግ ካሴትና ቪኤችኤስ ያላችሁ አንባቢያን ምን እናድርግ ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ቪኤችኤስ ማጫወቻ ትሠራ የነበረችው የመጨረሻዋ ታዋቂ ኩባንያ፣ የጃፓኗ ፉናይ፣ በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ማምረቱን አቁማለች። ስለዚህ የሚሠራ ማጫወቻ በቤታችሁ ካለ አትጣሉት። እንዴት ወደ ኮምፒውተር እንደሚገለበጥ በሚቀጥለው ሳምንት እጽፋለሁ፤ እስከዚያው ካሴቶቹን ከወለል ላይ አንሥታችሁ፣ እርጥበት ከሌለበት ቦታ በቁማቸው ደርድሯቸው።